«የሚያየኝ ሰው አለ ብዬ ነበር»

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ስለ ርቀት ክሊኒካዊ ሙከራዎች፣ ማለትም ተሳታፊው ቤቱ ሆኖ ስለሚሳተፍባቸው የመድኃኒት ሙከራዎች፣ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ያነበብኩት በደስታ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ ከሙያው ውጭ ላለ አንባቢ በአማርኛ ተብራርቶ ሲቀርብ የማየው ከስንት አንዴ ነው። ሁለተኛውን ጊዜ ግን እስክሪብቶ ይዤ ነው ያነበብኩት። ታማሚው ቤቱ እንደተቀመጠ መድኃኒቱ በሩ ድረስ ይመጣለታል፣ መለኪያዎቹ ውጤቱን በራሳቸው ይልካሉ፣ ነርሷም ከክትትል ሥራ ትገላገላለች የሚለው አንቀጽ ላይ ስደርስ አላስችል አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያች «ትገላገላለች» ስለምትል ቃል ነው።

የምርምር ነርስ ነኝ። በዚህ ሥራ 17 ዓመት አሳልፌአለሁ፤ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹን 6 ዓመታት የሠራሁት በአብዛኛው በአካል ካላገኘኋቸው ተሳታፊዎች ጋር ነው። ድምፃቸውን አውቃለሁ፣ ፊታቸውን በስልክ መስኮት አያለሁ፣ የደም ግፊታቸው በየጠዋቱ ይደርሰኛል። አንዳንዶቹን መንገድ ላይ ባገኛቸው ግን ቁመታቸው ግራ ያጋባኛል።

ቀድሞ ተሳታፊው ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ክብደቱን እለካለሁ፣ ደሙን እቀዳለሁ፣ ከብልቃጡ የተረፉትን ክኒኖች ቆጥሬ እረከባለሁ። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ይህ ነበር። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠቀመው በሩን ከፍቶ እስከ ወንበሩ በሚራመዳት አሥር እርምጃ ነው። ባለፈው ወር ቀጥ ብሎ የሄደ ሰው ዛሬ ግድግዳውን ተደግፎ ከመጣ፣ ጫማው ከእግሩ እብጠት የተነሳ አልታሰር ካለ፣ ከሚስቱ ጋር የሚመጣው ሰው ዛሬ ብቻውን ከመጣ፣ ገና ሳይቀመጥ የምጠይቀውን አውቃለሁ። እነዚያ አሥር እርምጃዎች በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ የላቸውም። የርቀት ሙከራ ሲመጣ መጀመሪያ የጠፉትም እነሱ ናቸው። ማንም አልጻፋቸውም ነበርና መጥፋታቸውን ያስተዋለ የለም።

የርቀት ሙከራን እየተቃወምኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ለአንዲት ብልቃጥ ደም ግማሽ ቀን መንገድ የሚሄድ በሽተኛ ምን ያህል እንደሚጎሳቆል አይቻለሁ። የታመመ ሰው የሚያስታምሙ፣ የቀን ሥራቸውን ትተው መምጣት የማይችሉ፣ ከአልጋ መውረድ የሚከብዳቸው ሰዎች ለዘመናት ከምርምር ውጭ ሆነው ኖረዋል፤ መድኃኒቱ ግን በኋላ የሚታዘዘው ለእነሱም ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ በእንግሊዝ ሀገር የተካሄደው ፓኖራሚክ የተባለው ሙከራ ሞልኑፒራቪር የተባለውን መድኃኒት ለመፈተን ከ25,000 በላይ ሰዎችን አሳትፏል። መድኃኒቱ በየቤታቸው ተላከላቸው፣ የሕመም ስሜታቸውን ለ28 ቀናት በኢንተርኔት መዘገቡ። መድኃኒቱ ክትባት በወሰዱ ሰዎች ላይ ሆስፒታል መግባትንና ሞትን እንዳልቀነሰ ለማወቅ የተቻለው ይህን ያህል ሰው ማሳተፍ ስለተቻለ ነው። በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ይህ አይታሰብም። መዝገቡን ላልሞሉት ደግሞ ስልክ ይደወልላቸው እንደነበር ልብ ይሏል። የደወለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጠረጴዛ ልመለስ።

በአንድ የደም ግፊት መድኃኒት ጥናት ውስጥ የነበሩ አንዲት እናት ለዘጠኝ ቀናት በተከታታይ የላይኛው ግፊታቸው ከ160 በላይ ሆኖ መጣ። ሥርዓቱ ቀይ ምልክት አደረገባቸው። በጥናቱ ዕቅድ መሠረት ቀጣዩ እርምጃ የመድኃኒቱን መጠን ከፍ ማድረግ ነበር። ሐኪሙ ከመፈረሙ በፊት በቪዲዮ ደወልኩላቸው። «እናቴ፣ እስኪ እኔ እያየሁ አንድ ጊዜ ይለኩልኝ» አልኳቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ወለሉን አይነካም። የሹራባቸው እጅጌ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንዳቸውን አንቆታል። መለኪያው አየር መሙላት ሲጀምር ስለ ልጅ ልጃቸው ያጫውቱኛል። ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ ደግሞ ዳርና ዳሩ ገና ከመገናኘቱ፣ አየሩ ሲሞላ ማጣበቂያው ጠርጠር እያለ ሲላቀቅ በጆሮዬ ሰማሁት።

ጨርቁ ጠቧቸው ነበር። ሁሉም ተሳታፊ በፖስታ የደረሰው ሳጥን ውስጥ ያለው ልክ አንድ ነው። ትልቁን ልክ ላክንላቸው፤ ሲደርስ አብረን ለካን። ጀርባቸው ተደግፎ፣ እግራቸው መሬት ረግጦ፣ ክንዳቸው በልባቸው ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አርፎ፣ አምስት ደቂቃ ሳይናገሩ ቆይተው። 138 መጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እጅግ ትልቅ ልክ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ልክ ሲለኩ የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ 19.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ብሎ እንደሚነበብ አሳይቷል። እኒህ እናት ላልነበረባቸው ግፊት መድኃኒት ሊጨመርላቸው የአንድ ፊርማ ዕድሜ ነበር የቀረው። መለኪያው አልተበላሸም፤ የተባለውን ለክቶ በታማኝነት ልኳል። እንዴት እንደተለካ የሚጠይቅ ግን ሰው ነው።

ሌላው የሳንባ ሕመምተኛ አባት ናቸው። ጣታቸው ላይ የሚያስሩት የኦክስጅን መለኪያ ቀን በቀን 94፣ 95 ይልካል፤ ማያ ገጹ አረንጓዴ ነው። በየማክሰኞው እደውላለሁ። የዚያን ዕለት «ደህና ነኝ ልጄ» አሉኝ፣ እንደ ወትሮው። ነገር ግን ያ ሰው ሲናገሩ ዓረፍተ ነገራቸውን በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሱ ሰው ነበሩ። የዚያን ማክሰኞ ከሁለት ቃል በኋላ ያርፋሉ፣ እንደገና ሁለት ቃል። «አባቴ፣ ትንፋሽ ይሳቡና ሳያቋርጡ ከአንድ ጀምረው ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው። ሰባት ላይ ቆሙ። ባለፈው ወር ሃያ ሁለት ደርሰው ነበር፤ በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ። ስልኩን ሳልዘጋ በሌላ መስመር ልጃቸውን አግኝቼ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲወስዳቸው አደረግኩ። እዚያ ከደም ቧንቧ ተቀድቶ ሲመረመር ኦክስጅናቸው ጣታቸው ላይ ያለው መሣሪያ ከሚለው በጣም ዝቅ ያለ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ጣት ላይ የሚታሰረው መለኪያ ደህና ነው እያለ የኦክስጅን እጥረት ተደብቆ የተገኘባቸው ጥቁር ታካሚዎች ድርሻ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ያነበበ ሰው ማያ ገጹ አረንጓዴ ነው ብሎ አይተኛም። እኔ አልተኛሁም፤ የጥናቱ ሶፍትዌር ግን አላነበበውም። እንዲህ ያለ ከባድ ክስተት ሲያጋጥም ብዙዎቹ የጥናት ዕቅዶች በ24 ሰዓት ውስጥ እንድናሳውቅ ያዝዙናል። ቅጹን ስሞላ «ክስተቱ በምን ታወቀ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጡት ምርጫዎች «ሌላ» ከሚለው በቀር ሦስት ነበሩ፤ በመሣሪያ፣ በላቦራቶሪ፣ በተሳታፊው ጥቆማ። በመጨረሻ «ሌላ» የሚለውን መርጬ «ነርሷ ድምፃቸው ተለውጦባት» ብዬ ጻፍኩ።

ስለ ስምምነትም አንድ ነገር ልበል፤ ይህኛው ከሁሉም ይልቅ እንቅልፍ ይነሳኛል። በርቀት ሙከራ ሰው ወደ ጥናት የሚገባው ብዙ ገጽ አንብቦ፣ ወይም ሳያነብ ወደ ታች ገፍቶ፣ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን በጣቱ በመንካት ነው። አንድ ጊዜ አንዲት አዛውንት ሁሉንም ሞልተው ገብተዋል ተብሎ ስማቸው ደረሰኝ። በቪዲዮ ስደውል ለጥያቄዬ ሁሉ የሚመልሰው አጠገባቸው የተቀመጠው ወንድ ልጃቸው ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ እናቱ እንዲድኑለት የጓጓ ልጅ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ብቻችንን እንዲተወን ለመንኩት። ከዚያ «ይህ ጥናት ምን እንደሆነ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» አልኳቸው። «የሚያድን መድኃኒት ተገኝቶ ሊሰጡኝ ነው» አሉ። ምንም ፈዋሽ ነገር የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ሊደርሳቸው እንደሚችል፣ የትኛው እንደደረሳቸውም እሳቸውም እኔም እንደማናውቅ አልሰሙም። አንድ ሰዓት ተነጋገርን። በመጨረሻ መሳተፍ እንደማይፈልጉ ነገሩኝ፤ ለልጃቸውም አብረን አስረዳነው። በሳምንቱ ሪፖርት ላይ የተሳታፊዎች ቁጥር በአንድ ጎደለ። በሰው ላይ የሚካሄድ ምርምር የሚመራበት ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ሰነድ፣ የሄልሲንኪው መግለጫ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሻሻል በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ምርምር «የሚካሄድባቸው» ሰዎች የሚል ስሜት ያለው ቃል ወጥቶ «ተሳታፊዎች» የሚለው ገብቷል። ተሳታፊ ለመሆን በምን እንደሚሳተፉ ማወቅ ይቀድማል፤ ይህን ደግሞ ጣት አይመሰክርም።

ነርስ የጥናቱ ፊት ናት፤ ሰው የሚያምነው እሷን ነው። ይህ እምነት ለክፉም ሊውል እንደሚችል የሙያችን ታሪክ ራሱ ይመሰክርብናል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት በቱስኪጊ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት የጤና አገልግሎት ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች ሳያክም በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ተከታተለ፤ ፔኒሲሊን ፈዋሽነቱ ከታወቀ በኋላ እንኳ ነፈጋቸው። እነዚያ ሰዎች ለዓመታት ከጥናቱ ሳይወጡ የቆዩበት አንዱ ምክንያት በመኪናዋ እያመላለሰች፣ ቤታቸው እየሄደች የምትጠይቃቸው ነርስ ዩኒስ ሪቨርስ ናት። ይወዷት ነበር። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ እኔም ሁልጊዜ ድምፄ ይለወጣል። ነርስ በጥናት ውስጥ የደግነት መልክ ብቻ እንድትሆን ከተቀጠረች፣ ያየችውን ተናግራ ማስቆም ካልቻለች፣ ፊቷ ለሰዎቹ ወጥመድ ይሆናል። የርቀት ሙከራ ላይ ያለች ነርስ ሥልጣኗ «እባክዎን መለኪያውን ባትሪ ይሙሉ» ከማለት ካላለፈ የእኛም ነገር ያስፈራኛል።

ነርስ በሌለበት ወይም በቀጠነበት ሁኔታ ምን እንደሚሆን ከታወቁ ጥናቶች ማየት ይቻላል። ፋይዘር እ.ኤ.አ. በ2011 ተሳታፊው አንድም ቀን ሐኪም ቤት ሳይመጣ በኢንተርኔት ብቻ የሚካሄድ ሙከራ ጀምሮ በቂ ሰው ማግኘት አቅቶት አቁሟል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተመርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው የአፕል የልብ ጥናት 419,297 ሰዎች ተመዝግበዋል። ሰዓታቸው የልብ ምትዎ ተዛብቷል ብሎ ያስጠነቀቃቸው 2,161 ናቸው። ከእነዚህ መካከል ደረት ላይ የሚለጠፈውን የልብ ምት መመርመሪያ ተጠቅመው ለትንተና የሚበቃ መረጃ የመለሱት 450 ብቻ ነበሩ። በአስፕሪን መጠን ላይ በተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው አዳፕታብል በተባለው ጥናት ደግሞ ከ15,076 ተሳታፊዎች መካከል 325 ሚሊ ግራም እንዲወስዱ የተመደቡት 41.6 በመቶ ያህሉ በመካከል መጠኑን ቀይረዋል፤ 81 ሚሊ ግራም ከደረሳቸው የቀየሩት ግን 7.1 በመቶ ናቸው። ክትትሉ በአብዛኛው በድረ ገጽና በስልክ ማዕከል ነበር። በእነዚህ ጥናቶች የሆነው ሁሉ በነርስ ማነስ ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ነገር ግን 2,161 ብሎ 450 የሚለውን ቁጥር ሳይ የሚታየኝ ማስጠንቀቂያው ደርሶት ሐኪም ሳያነጋግር የቀረ፣ ወይም መመርመሪያውን ተቀብሎ ሳጥኑን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። የሚያስፈልገው ሌላ መልእክት አይደለም፤ «ፈርተው ነው? አብረን እንለጥፈው» የሚለው ሰው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሥራ የት ይጻፋል? አይጻፍም። አንድ ጊዜ በሠራሁበት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ጥናት ውስጥ ለእኔ ብቻ 140 ተሳታፊዎች ተመድበውልኝ ነበር። ዕቅዱን ያዘጋጁት ሰዎች መረጃው በራሱ ስለሚመጣ ይበቃል ብለው ነበር። ቀኔ የሚያልቀው የይለፍ ቃል የጠፋባቸውን ስረዳ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት ያለበት መድኃኒት በፀሐይ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እንዳደረ ሲነግሩኝ አስወግደው ሌላ እንዲጠብቁ ሳስረዳ፣ የናሙና ሳጥን የት እንደደረሰ ስከታተል ነበር። ይህ ሁሉ በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ በአንድ መስመር ሰፍሯል፤ «የተሳታፊዎች ድጋፍ» ተብሎ።

በዚያ ጥናት ውስጥ አንድ ዓርብ ማታ የአንድ ሰው ሰዓት የልብ ምቱ መዛባቱን አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው የተላከው ወደ አንድ የጋራ ኢሜይል ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ የሚከፍተው ሰው አልተመደበለትም። ሰኞ ጠዋት ከ40 በላይ መልእክቶች መካከል አገኘሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ሳይነሳ ቀረ፤ በሦስተኛው አነሳው። በሕይወት አለ። ዓርብ ማታ ልቡ ሲመታበት፣ ራሱን ሲያዞረው ለምን ሐኪም ቤት እንዳልሄደ ጠየቅኩት። «ሰዓቱን አስራችሁልኝ የለ? የሚያየኝ ሰው አለ ብዬ ነበር፤ ከባድ ቢሆን ይደውሉልኛል ብዬ ጠበቅኩ» አለኝ።

ለሁለት ቀን ተኩል የእኔን ስልክ ጠብቋል። ሰዓቱ ባይታሰርለት ኖሮ ዓርብ ማታውኑ ሐኪም ቤት ይሄድ ነበር። በርቀት ሙከራ ትልቁ አደጋ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መሣሪያው በሰው እጅ ላይ ሲታሰር አብሮ ቃል ይገባል፣ ያንን ቃል መጠበቅ የሚችል ሰው ግን በጀቱ ውስጥ የለም። ጉዳዩን ለበላዮቼ በጽሑፍ አሳወቅኩ። የተሰጠኝ መልስ ተሳታፊው ፈርሞበት ገብቷል፣ በስምምነት ቅጹ ላይ «መሣሪያው ለድንገተኛ ሕክምና አያገለግልም» ተብሎ ተጽፏል የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ተጽፏል። ፈልጌ አገኘሁት፣ በ19ኛው ገጽ ላይ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የጥናት ዕቅድ ሲነደፍ የምርምር ነርስ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጥ፤ ሳጥን ውስጥ አንድ ልክ ብቻ ይግባ ሲባል «አይበቃም» የምትለው እሷ ናትና። አንዲት ነርስ ስንት ተሳታፊ እንደምትከታተል ቁጥሩ በዕቅዱ ላይ ይጻፍ። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የመድኃኒቱን መጠን በሚመረምሩበት ጥንቃቄ ይህንንም ቁጥር ይመርምሩ። ማስጠንቀቂያ የሚልክ መሣሪያ ያለበት ጥናት ሁሉ ሌሊትም ሆነ በበዓል ማስጠንቀቂያውን የሚያየው ማን እንደሆነ በስም ይመድብ፤ ካልቻለ የማይጠበቅ ማስጠንቀቂያ አይላክ። አንድ ጊዜ እንኳ፣ መጀመሪያ ላይ ብቻም ቢሆን፣ ነርሷና ተሳታፊው በአካል ይተያዩ። ያንን አንድ ቀን ያየሁት ሰው ድምፅ በኋላ ሲለወጥ ቶሎ ይገባኛል። ነርሷ ሥጋት ሲገባት ምክንያቱን በቁጥር ማስረዳት ባትችል እንኳ የአንድ ተሳታፊን መድኃኒት ሐኪሙ እስኪያየው ድረስ ማዘግየት እንድትችል ይፈቀድላት።

ለጋዜጣው አንባቢዎች ደግሞ እንዲህ ልበል። በርቀት ጥናት እንድትሳተፉ ስትጋበዙ አትሽሹ፤ ብዙ መልካም ነገር የሚገኘው ከእናንተ ነው። ነገር ግን «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት የምትከታተላችሁን ነርስ ስምና ቀጥታ ስልክ ጠይቁ። ስንት ሰው እንደምትከታተል ጠይቁ። ይህ መለኪያ አንድ ነገር ቢያሳይ በስንት ሰዓት ውስጥ ማን እንደሚያየው፣ እናንተስ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያለባችሁ ምን ሲሰማችሁ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲነገራችሁ ጠይቁ። ከዚያም የተሰጣችሁን ቁጥር አንድ ቅዳሜ ማታ ደውላችሁ ሞክሩት።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የምርምር ነርስ